የዛገ የመኪና እግር እንዴት ይፈታል? ከአጎቴ ዳትሰን ጋር የከረምንበት በጋ

ቶሮንቶ ውስጥ አሮጌ መኪና ለሚፈታ ሰው ከሞተሩ ይልቅ የሚያስቸግረው እግሩ ነው። ሞተር ውስጡ ዘይት ስላለ በቀላሉ አይዝግም። እግሩ ግን፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዙት ብራቾዎች፣ ሞላዎች፣ ሾክ አብዞርበሮችና ብሎኖች፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ጨው ውኃ ሲረጭባቸው ነው የሚከርሙት። ጨው በረዶውን ያቀልጣል፤ የቀለጠው ውኃ ብሎኑና ብሎኑ በገባበት ቀዳዳ መካከል ባለችው ቀጭን ክፍተት ይሰርጋል፤ ጨዋማ ውኃ ደግሞ ብረትን ከንጹሕ ውኃ ይልቅ በጣም ፈጥኖ ያዝገዋል። የካናዳ መንግሥት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው የግምገማ ሪፖርት የመንገድ ጨው አካባቢን እንደሚጎዳ ደምድሟል። እዚያ ላይ የተጻፈው ስለ ወንዝ፣ ስለ ዛፍና ስለ ዓሣ ነው፤ ስለ አጎቴ ዳትሰን የጻፈ የለም።

ስለዚህ እኔ ልጻፍ። ብዙዎቻችሁ ቤታችሁ ጋራዥ ውስጥ ከመኪና ሥር የማይወጣ አባት ወይም አጎት እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔ ነርሲንግ ነው የምማረው፤ መኪናው የእሳቸው ነው፣ ጉልበቱ ግማሹ የእኔ ነው። የማብራራው ሁለት ነገር ነው፤ አልፈታ ያለ ዕቃ በምን ዘዴ እንደሚፈታ፣ እና የሚፈታው ሰው በምን ዘዴ ጣቱንና ዓይኑን ይዞ ወደ ቤት እንደሚገባ።

መኪናው እ.ኤ.አ. የ1972 ዳትሰን 240ዜድ ነው። ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ አፍንጫው ረጅም፣ ባለ 2.4 ሊትርና ባለ ስድስት ሲሊንደር የጃፓን የስፖርት መኪና። እ.ኤ.አ. በ1969 መጨረሻ አገሩ ላይ ሲወጣ ፌርሌዲ ዜድ ተባለ፤ ሰሜን አሜሪካ ሲመጣ ግን በቁጥር ብቻ ተጠራ። አጎቴ ይህን መኪና የወደዱት በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው። አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አጠገብ በነበረ ጋራዥ መካኒክነት ሲጀምሩ ታላላቆቹ መካኒኮች ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ያወሩ ነበር። 240ዜድ ያንን ውድድር እ.ኤ.አ. በ1971 እና በ1973 አሸንፏል፤ ያውም አስፋልት ላይ ሳይሆን አቧራና ጭቃ ላይ። «እግሩ ጠንካራ ባይሆን እዚያ አይዘልቅም ነበር» ይላሉ አጎቴ እስካሁን።

አሁን ግን እግሩ ታሟል። ስንነዳው ከኋላ ቋ ቋ ይላል፤ በከፍተኛ ፍጥነት መስመር ሲቀይሩ የኋላው ጫፍ ለራሱ ሌላ መንገድ የመረጠ ይመስላል። ምክንያቱ ያረጁት የጎማ ቡሾች ናቸው። ቡሹ ራሱ ርካሽ ነው። ቡሹን ለመቀየር ግን መውጣት ያለባት አንዲት ፒን አለች፤ በዚህ መኪና ባለቤቶች ዘንድ ስሟ የከፋ ነው። አጎቴ አንድ ጋራዥ ጠይቀው የተነገራቸው ዋጋ መኪናውን ከገዙበት ዋጋ ብዙም አይርቅም። ደግሞ ለሌላ ሰው መስጠት አልፈለጉም። አዲስ አበባ ዐሥራ አንድ ዓመት መካኒክ የነበረ ሰው እዚህ ሃያ ዓመት ታክሲ ሲነዳ ኖሮ በመጨረሻ የራሱን መኪና እግር በሌላ ሰው እጅ ሲያስፈታ እንዴት እንደሚሆን እናንተው ገምቱት። ችግሩ ጣቶቻቸው ናቸው፤ የመገጣጠሚያ ሕመም ስላለባቸው ቁልፍ አጥብቀው መያዝ አይችሉም። ለዚህ ነው እኔ የገባሁበት።

ፒኗ የት ናት?

የኋላውን ጎማ የሚሸከመው ቁመታም ቱቦ፣ ስትራት የሚባለው፣ ታችኛው ጫፉ ላይ ወፍራም የብረት መያዣ አለው። ከመኪናው ሆድ የሚመጣው ብራቾ ደግሞ ጫፉ እንደ ሹካ ለሁለት ተከፍሎ መያዣውን ከፊትና ከኋላ ያቅፈዋል። በሹካው ሁለት ጣቶችና በመያዣው ሆድ ውስጥ አልፋ ሁሉንም በአንድ የምታስረው ረጅም የብረት ዘንግ ናት፤ ስፒንድል ፒን ትባላለች። ሁለቱም ጫፎቿ ጥርስ አላቸው፤ በየጫፏ ዳዶ ይታሰራል። በሹካው ጣቶች ውስጥ የጎማ ቡሽ አለ፤ የቡሹ ውስጠኛ ግድግዳ ፒኗን አጥብቆ የሚይዝ የብረት ቱቦ ነው። መያዣው መሃል ላይ ደግሞ ፒኗ እንዳትዞርና እንዳትንሸራተት የምታደርግ ትንሽ ሽብልቅ አለች፤ ፒኗ ጎን ላይ በተቆረጠ ጉድጓድ ገብታ ትቆልፋታለች።

እንግዲህ ዝገት የሚይዛት ሦስት ቦታ ነው፤ ሁለቱ ቡሾችና መሃሉ። ሃምሳ ዓመት።

ዝገት ለምን እንዲህ አድርጎ እንደሚይዝ ማወቅ ይጠቅማል፤ ዘዴው ሁሉ ከዚያ ይመነጫልና። ብረት ሲዝግ ከኦክሲጅንና ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ያ ሌላው ነገር ከቀድሞው ብረት ቢያንስ እጥፍ ቦታ ይፈልጋል። ሜዳ ላይ ያለ ብረት ሲዝግ ዝገቱ ወደ ውጭ ያብጣል፣ ይላላጣል። ቀዳዳ ውስጥ ያለ ብረት ሲዝግ ግን የሚያብጥበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ፒኗንና ቀዳዳውን እርስ በርስ ይገፋፋቸዋል። ፒኗ የማትወጣው ስለተጣበቀች ብቻ አይደለም፤ ከዙሪያዋ ስለተጨመቀች ነው። እጀታው ላይ ቧንቧ አስረዝሞ መጎተት ጭምቁን አይቀንሰውም፤ ጥርሱን ይበላል፣ ብሎን ይቆርጣል እንጂ። ጭምቁን የሚቀንሱት ሌሎች ናቸው፤ ሰርጎ የሚገባ ዘይት፣ ንዝረት፣ ሙቀትና ጊዜ።

እዚህ ላይ ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ልበልና እመለሳለሁ። ዳዶ፣ ብሎን፣ ሮንዴላ፣ ሞላ፣ ክሪክ፣ ግራሶ፣ ብራቾ እያልኩ የምጽፈው ከአጎቴ የሰማሁትን ነው፤ ለዓመታት ንጹሕ አማርኛ ይመስሉኝ ነበር። የክፍሌ ልጅ፣ አያቷ ከጣሊያን የመጡ፣ አንድ ቀን ጋራዡ መጥታ አጎቴ ያሉትን ሁሉ ያለ እኔ ትርጉም ማቀበል ጀመረች። ጣሊያን አገራችንን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ይዞ ሲወጣ መንገድ፣ ጋራዥና የመካኒክ ቋንቋ ትቶ ሄዷል። አጎቴ አልተደነቁም። «ጣሊያንኛ መሆኑን እናውቃለን፤ አሸንፈን ቀማናቸው» አሉ።

ከመኪናው ሥር ከመግባት በፊት

ክሪክ ማንሻ እንጂ መያዣ አይደለም። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አንድም የሰውነት ክፍል አይገባም፤ «ለአንድ ደቂቃ ብቻ» የሚባል ነገርም የለም። ሁለት ስታንድ ጠንካራ ቦታ ላይ ይቆማሉ፤ የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግላቸዋል፤ የተፈታው ጎማ ራሱ በአካሉ ሥር ይጋደማል፣ ስታንዱ ቢከዳ መኪናው እሱ ላይ እንዲያርፍ። ከዚያ መኪናውን በሁለት እጅ በኃይል ይነቀንቁታል። የሚወድቅ ከሆነ አሁን ይውደቅ፤ ማንም ሥሩ ሳይኖር።

ስታንዱ የሚያርፍበት ቦታ በቶሮንቶ መኪና ላይ ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። በሃምሳ ዓመት መኪና ላይ ጥቁር ቀለም የተቀባው ወለል ሥሩ ወንፊት ሊሆን ይችላል። አጎቴ በመዶሻ እጀታ እያንኳኩ ድምፁን ያዳምጣሉ፤ ጤነኛ ላሜራ ይጮኻል፣ የበሰበሰው እንደ ካርቶን ዱብ ይላል። እግሩ የሚታሰርበት ቦታ ዱብ ካለ ሥራው የእግር ሥራ መሆኑ ይቀርና የብየዳ ሥራ ይሆናል፤ ያንን ለባለሙያ ነው የምሰጠው።

የኋላውን ታምቡር የምትከፍቱ ከሆነ ደግሞ አቧራውን በአየር አትንፉት፣ በአፋችሁም እፍ አትበሉት። በእነዚያ ዓመታት የተሠራ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። ካናዳ አስቤስቶስን በሕግ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ነው፤ አሮጌ ታምቡር ውስጥ ያለውን ግን ሕጉ ገብቶ አልጠረገውም። አስቤስቶስ በትንፋሽ ከገባ ከዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው የሳንባ በሽታና ካንሰር የሚያመጣው። በውኃ አርጥቦ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ ጨርቁን በፕላስቲክ ከረጢት አስሮ ማስወገድ፤ ሌላ ብልሃት የለውም።

መፍታት

መጀመሪያ ዘይት። ብዙ ሰው ደብልዩ ዲ 40 ይዞ ይመጣል። ስሙ ራሱ ውኃን የማባረር አርባኛ ሙከራ ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ሲፈጠር ሥራው ብረትን ከእርጥበት መከላከል ነበር። መጥፎ ነገር አይደለም፤ ለተቆለፈ ብሎን ተብለው የሚሸጡት ሰርጎ ገብ ዘይቶች ግን ይሻላሉ። ከዘይቱ ዓይነት የሚበልጠው ትዕግሥቱ ነው። እኛ ለስምንት ቀን ጠዋትና ማታ እየረጨን፣ በረጨን ቁጥር መያዣውን በመዶሻ መታ መታ እያደረግን ቆየን። ምቱ ለማውጣት አይደለም፤ ንዝረቱ ዝገቱን ሰነጣጥቆ ለዘይቱ መንገድ እንዲከፍትለት ነው። ከክሊኒካል ስመለስ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ጋራዥ ገብቼ መርጨት ልማድ ሆነብኝ።

ከዚያ ሽብልቋ። ይቺን መርሳት ነው ትልቁ አደጋ፤ እሷ ሳትወጣ ፒኗን ቀኑን ሙሉ ቢደበድቧት ንቅንቅ አትልም፣ የተገኘው ትርፍ የተበላሸ ጥርስ ብቻ ነው። የሽብልቋ ዳዶ ይላላል ግን ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ ከጫፏ ጋር እኩል እስኪሆን ይመለስና ምቱ ዳዶው ላይ ያርፋል፤ እንዲህ ከተደረገ ጥርሷ አይጨፈለቅም። የእኛ በሦስተኛው ምት ወጣች።

የተቆለፈ ዳዶ ሲፈታም ትንሽ ደንብ አለው። መጀመሪያ በጣም ጥቂት ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ይገፋል፣ ከዚያ ወደ መፍቻው፣ እንደገና ወደ ማጥበቂያው። «እንደ ጥርስ ነው የሚነቀለው፣ እያወዛወዝክ» ይላሉ አጎቴ። (ሴት ልጅ መሆኔን መካኒክነት ላይ ሲሆኑ ይረሱታል።) ቁልፉም ዳዶውን ከስድስቱም በኩል የሚይዝ መሆን አለበት። አፉ ክፍት የሆነ ቁልፍ ለዛገ ዳዶ አይሆንም፤ ማዕዘኖቹን አዙሮ ድቡልቡል ያደርጋቸዋል። የፍሬን ቧንቧ ዳዶዎች በተለይ ለስላሳ ስለሆኑ ለእነሱ የተሠራ ልዩ ቁልፍ አለ፤ ርካሽ ነው፣ ግዙ።

ሁለቱ ጫፍ ዳዶዎች ከተፈቱ በኋላ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ፒኗን በጫፏ በትልቅ መዶሻ መምታት ነው። አይሆንም። ጫፏ እንደ እንጉዳይ ይጠፈጠፍና በቀዳዳው የማታልፍ ትሆናለች። መምታት ሳይሆን መሳብ ነው የሚያስፈልገው። መሳቢያውን እቤት ሠራነው። በፒኗ ጥርስ ላይ ረጅም ማያያዣ ዳዶ ይታሰራል፤ በዚያው ዳዶ በሌላው አፍ ጥርስ ያለው ዘንግ ይገባል፤ ዘንጉ ፒኗን መዋጥ በሚችል ወፍራም ቧንቧ ውስጥ ያልፋል። የቧንቧው አንድ አፍ ብራቾው ላይ ያርፋል፤ በሌላው አፍ በኩል ወፍራም ሮንዴላዎችና አንድ ዳዶ ይደረጋሉ። ዘንጉ በግራሶ ይቀባል። ከዚያ ያንን የመጨረሻ ዳዶ ማጥበቅ ብቻ ነው፤ ዳዶው በጠበቀ ቁጥር ፒኗ ወደ ቧንቧው ትሳባለች። አጥብቆ ማቆም፣ መያዣውን መታ ማድረግ፣ ዘይት መጨመር፣ ማግስቱን መጠበቅ። ውጥረቱ ሌሊቱንም ይሠራል። ሲወጠር ግን ማንም በዘንጉ አቅጣጫ ፊት ለፊት አይቆምም፤ ብረቱ ከተበጠሰ የሚሄደው ወደዚያው ነው።

የግራዋ ፒን በሦስተኛው ቀን «ጧ!» አለች። እናቴ ከፎቅ ወርዳ ምን ተሰበረ ብላ ጠየቀች።

የቀኟ ግን አልወጣችም። ሙቀት ያስፈልግ ነበር፤ እሳት ደግሞ በዚህ መኪና ኋላ አይነደድም፣ የቤንዚን ታንኩ እዚያው ነው። ስለዚህ ስትራቱንና ብራቾውን አንድ ላይ ከመኪናው አወጣናቸው። ከላይ በኩል ስትራቱን ከአካሉ ጋር የሚይዙት ሦስት ትናንሽ ዳዶዎች ናቸው፤ በመሃላቸው አንድ ትልቅ ዳዶ አለ። ሦስቱ ይፈታሉ። መሃለኛው ግን ሞላውን ጨምቆ የያዘው እሱ ነው፤ በሞላ መጭመቂያ ሳይያዝ ከተፈታ ሞላው እንደ ጥይት ይፈነጠራል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ እሱን አስታውሱ። ሞላውን ማውጣት የግድ ከሆነ የዕቃ መሸጫ ሱቆች መጭመቂያውን በመያዣ ገንዘብ ያውሳሉ፤ ለሱቁ ሰው ከፍላችሁም ብታስወጡት አያሳፍርም። እኛ እንደዚያ አደረግን፤ ሞላውም፣ በቱቦው ውስጥ ያለው ሾክ አብዞርበርም ወጡ። የታሸገ ዘይትና ጋዝ ያለበት ሾክ አብዞርበር አጠገቡ ከተነደደ ሊፈነዳ ይችላል።

ሙቀት የሚሠራው እንዲህ ነው። ብረት በየአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከርዝመቱ 12 ሚሊዮንኛ ያህል ይሰፋል። ስፋቱ 16 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ በ300 ዲግሪ ቢሞቅ የሚጨምረው ወደ 0.06 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ያህል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ጭምቁን ለመልቀቅ ያች ፀጉር ትበቃለች። የሚሞቀው ታዲያ ቀዳዳው ያለበት መያዣ እንጂ ፒኗ አይደለችም፤ ፒኗ ከሞቀች እሷም ታብጣለች። በሞቀበት አጎቴ ከኪሳቸው ጧፍ አውጥተው በጠርዙ ላይ አስነኩት። ሰሙ ቀልጦ ወደ ስንጥቁ ተሳበ፤ ከዘይት የተሻለ ሙቀቱን ይችላል፣ ሲቀዘቅዝም ያለሰልሳል። በሌሎች አገሮች ያሉ የብረት ሠራተኞችም የሻማ ሰም ለዚሁ እንደሚጠቀሙ በኋላ አነበብኩ። ጧፉ ከየት እንደመጣ እናቴ ጠይቃለች፤ መልስ አላገኘችም።

ሦስት ጊዜ አሞቅን፣ ሦስት ጊዜ አቀዘቀዝን። ምንም። በዚህ ጊዜ ሽንፈትን ማወቅ የሥራው አካል ነው፤ የተዘጋን በር የቤቱን ግድግዳ እስኪያፈርሱ አይገፉትም። ፒኗን መሥዋዕት አደረግናት፤ አዲስ ፒን ይሸጣል፣ መያዣው ግን የስትራቱ አካል ስለሆነ በቀላሉ አይገኝም። በብራቾው ጣትና በመያዣው መካከል ባለችው ክፍተት የብረት ምላጭ ያለው የኤሌክትሪክ መጋዝ አስገብተን በሁለቱም በኩል ቆረጥናት። ፒኗ ጠንካራ ስለሆነች አምስት ምላጭና አንድ ከሰዓት በኋላ ፈጀ። ብራቾው ወደቀ። በመያዣው ውስጥ የቀረችውን ጉማጅ ቶርኖ ቤት ወስደን በሃይድሮሊክ ፕሬስ አስወጣናት። የቶርኖ ቤቱ ሰው ከመጫኑ በፊት ሽብልቋ መውጣቷን ጠየቀ፤ አጎቴ በዚህ ጥያቄ ብቻ ሰውየውን ወደዱት።

የነርሷ ክፍል

አሁን ደግሞ የራሴ ሙያ። አጎቴ ዐሥራ አንድ ዓመት ያለ መነጽርና ያለ ጓንት ሠርተዋል። «ጋሼ፣ ዓይንዎ አይሸፈንም?» ስላቸው «ስፈታ ኖሬ ምን ሆንኩ?» አሉኝ። ታላቅን ሰው ማዘዝ አይቻልም፤ እኔም አላዘዝኩም። መነጽሩን ሁለት ገዛሁና አንዱን ራሴ አድርጌ ሌላውን መዶሻው ላይ አስቀመጥኩት። መዶሻውን ለማንሳት መነጽሩን መያዝ ግድ ሆነባቸው።

ብረት በብረት ሲመታ የሚፈናጠረው ስባሪ በጣም ትንሽና በጣም ፈጣን ነው። ዓይን ውስጥ ገብቶ ሕመሙ ቀላል ሊሆን፣ እይታም ወዲያው ላይደበዝዝ ይችላል። መዶሻ እየመታ የነበረ ሰው ዓይኑን ከቆረቆረው ማሸትም መጫንም የለበትም፤ የተሰካ ነገር ካለ አይነቀልም፤ በንጹሕ ኩባያ ሸፍኖ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። በሩ ላይ ደግሞ «መዶሻ ስመታ ነበር» ብሎ መናገር፣ ሐኪሙ የሚያዘው ምርመራ በዚያ ይወሰናልና።

አታላዩ ጉዳት ግን የግራሶ ፓምፕ ነው። አዲስ ዕቃ ሲገጠም ግራሶ የሚሞላበት የእጅ ፓምፕ ጫፉ ላይ የሚፈጥረው ግፊት የመኪና ጎማ ውስጥ ካለው አየር ከመቶ እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። ጣት ጫፉ ላይ ካረፈ ግራሶው ቆዳውን በስቶ በጅማቶቹ መካከል ወደ መዳፍ ይሮጣል። ከውጭ የሚታየው የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ ናት። መጀመሪያ ብዙም ላያም ይችላል። በሰዓታት ውስጥ ግን እጁ ያብጣል፣ ደም መድረስ ያቆማል፤ ጣት እስከመቆረጥ ይደርሳል። ይህ በዚያው ቀን ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ድንገተኛ ጉዳት ነው። የእኛ ሰዎች «ትንሽ ናት፣ ታልፋለች» የሚሏት ዓይነት ቁስል ስለሆነች ነው እዚህ የማተኩርባት። ነጥቧ ብትታይ ባትታይ፣ ግፊት ያለው ግራሶ ወይም ዘይት ቆዳ ከበሳ ሐኪም ቤት ነው።

ዝገት ራሱ መንጋጋ ቆልፍ አያመጣም፤ የሚያመጣው በአፈርና በቆሻሻ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ነው። የመኪና ሥር ብረት ግን ዛገም አልዛገም የመንገድ አፈር የጠገበ ነው። ክትባቱ ለአዋቂ በየ10 ዓመቱ ይታደሳል፤ ቁስሉ የቆሸሸና ጥልቅ ከሆነ ከ5 ዓመት በላይ የቆየ ክትባትም ይታደሳል። የእናንተን ሳይሆን የአጎታችሁን ካርድ ጠይቁ። የእኔ አጎት ካርዳቸው የት እንዳለ አያውቁም ነበር፤ ሐኪማቸው ዘንድ ሄደው እንደገና ተከተቡ።

ጭሱንም አስቡት። የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ሁለት ዓይነት ነው፤ ክሎሪን ያለበት ዓይነት የረጠበው ብረት ላይ እሳት ከነካው ፎስጂን ይፈጥራል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰው የተገደለበት ጋዝ ነው። ሳንባ ውስጥ ውኃ የሚሞላው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ሰውየው ደህና ነኝ ብሎ ሊተኛ ይችላል። እሳት የሚነካውን ብረት በዚያ ማጽጃ አታጽዱ፤ አበቃ። በነጭ ዚንክ የተለበጠ ብሎን ሲሞቅም ጭሱ ማታ ላይ እንደ ጉንፋን የሚያንዘፈዝፍ ትኩሳት ያመጣል። የጋራዡ በር ይከፈት፤ ብርድ ነው ተብሎ በተዘጋ በር ሞተር ማስነሳት ወይም የጋዝ ምድጃ ማንደድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያጠራቅማል፣ ሽታም የለውም።

ለተቃጠለ ቆዳ የቧንቧ ውኃ ነው፤ ቢያንስ 10 ደቂቃ፣ 20 ቢሆን ይመረጣል። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ማር አይቀባም። ቀለበት ከእጅ ይወጣል፤ ማተብ በሸሚዝ ሥር ይገባል፣ በተለይ የሚሽከረከር መሣሪያ ሲያዝ። ኦንታሪዮ ውስጥ ለማማከር ብቻ ከሆነ 811 ደውሎ ነርስ ማነጋገር ይቻላል፤ የታነቀ ትንፋሽ፣ የሚፈስ ደም ወይም የተጨፈለቀ እጅ ካለ 911 ነው።

መልሶ መግጠም

ይህ ክፍል አጭር ነው፤ አዲስ ዕቃ በንጹሕ ቀዳዳ ሲገባ የሚያስወራ ነገር የለውም። ቀዳዳው በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ይጸዳል፤ አዲሷ ፒን ዝገት የሚከላከል ቅባት በደንብ ትቀባለች፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚፈታት ሰው እንዲመርቀን። የሽብልቋ ጉድጓድ ከቀዳዳው ጋር መገጣጠሙን በባትሪ አይቶ ነው ሽብልቋ የምትገባው። የፒኗ ጫፍ ዳዶዎች ግን መኪናው አየር ላይ ተሰቅሎ እያለ ሙሉ በሙሉ አይጠብቁም። ጎማው ተገጥሞ፣ መኪናው መሬት ላይ ወርዶ፣ ክብደቱን በእግሩ ከያዘ በኋላ ነው የሚጠብቁት። እግሩ ተንጠልጥሎ ከጠበቁ ቡሹ በዚያ ቅርጽ ይያዝና መኪናው ሲወርድ ይጠመዘዛል፤ ጎማው ዕድሜው ያጥራል። አጎቴ ብዙ መካኒክ ይህን ይዘለዋል ይላሉ፤ ፊታቸው እንደሚመስለው ከሆነ የተወሰኑትን በስም ያውቋቸዋል።

ከኋላ የሚሰማው ቋ ቋ ጠፍቷል። አዲስ አበባ ቦሎ ለመለጠፍ በየዓመቱ ምርመራ እንዳለ ሁሉ፣ ኦንታሪዮም ያገለገለ መኪና በአዲስ ባለቤት ስም ለመንገድ ብቁ ተብሎ ሲመዘገብ ፈቃድ ባለው ጋራዥ የደኅንነት ምስክር ወረቀት ይጠየቅበታል። የአጎቴ ቀጠሮ ለመስከረም መጨረሻ ነው። እስከዚያ የፊተኛው እግር ቴስቲናዎች ይቀራሉ፤ እነሱም የሚወጡት በሌላ ዘዴ ነው፣ ሁለት መዶሻ ባንድ ጊዜ። ቅዳሜ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ጋራዡ ክፍት ነው፤ ቡና አለ፣ ትርፍ መነጽርም ገዝቻለሁ።